ለቅኝት የተመረጠው አዳራሽ

ሚያዝያ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.
መካኒሳ

ለተከበሩ ጓድ ጌቱ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ የወገብዎ ሕመም ለቆዎት፣ እንቅልፍዎም ሳይቆራረጥ እንዲያነጉ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አማከለች እስጢፋኖስ፣ ከኅብረት ሱቁ ጀርባ ልብስ የምሰፋው፣ በወጣትነቴ በሆቴል ባንድ እዘፍን የነበርኩት ነዋሪዎ፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት በድፍረት ሳይሆን፣ በሕዝብ ፊት የተጠየቅሁትን በሕዝብ ፊት መመለስ ጨዋነት መስሎ ስለታየኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ፣ ኢኮኖሚያችን ቅይጥ ከሆነ ሙዚቃችንም ቅይጥ ይሁን፣ ወጣቱ ጃዝ ይስማ ብለው ሲያስታውቁ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። የቀበሌው አዳራሽ ለጃዝ ምሽት መመረጡንም ነገሩን፤ ቀጥለውም ቦታው ተስማሚ መሆን አለመሆኑን እኔ እንደ ባለሙያ አይቼ አስተያየት እንድሰጥ አዘዙኝ። ቦታ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ስለ ቦታ አመራረጥ መጠየቅ ትልቅ ክብር ነውና አመሰግናለሁ።

ለአዳራሹ እንግዳ አለመሆኔን እርስዎም አይዘነጉትም። ታላቅ ወንድሜ ወጋየሁ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ በ፲፱፻፸ ዓ.ም. በዚያ በር ገብቶ አልወጣም። እናታችን ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ከርማ፣ አንድ ቀን ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አያስፈልገውም ተብላ ሳህኗን ይዛ ተመለሰች። ሞቷል ያላት ሰው ስለሌለ እስከ ዛሬ እርሟን አላወጣችም። ከዚህ በቀር በታዘዝኩት መሠረት ያየሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስለ አካባቢው። የሙዚቃ ቤት ሰው በቀላሉ የሚያገኘው መሆን አለበት፤ በዚህ ረገድ ምርጫዎ እንከን የለውም። ከሐና ማርያምም ሆነ ከብስራተ ገብርኤል የሚመጣ ሰው አዳራሹ የት ነው ብሎ አይጠይቅም። ትንሽ የሚያስቸግረው፣ መንገደኛው እዚያ ጋ ሲደርስ ወደ ማዶ መሻገር ልማድ ማድረጉ ነው። የውይይት ታክሲ ተሳፋሪ እንኳ በአዳራሹ ሲያልፍ ውይይቱን ያቆማል። ሰዉ ወደዚህኛው ጎን እንዲመለስ ከፖስተር ሌላ ምን እንዳሰቡ ባውቅ ደስ ይለኛል።

፪. ስለ በር ጥበቃው። ወጋየሁ የተያዘ ዕለት፣ እሱና እኔ ለልምምድ ስንሄድ፣ ጥቁር የጊታር ሳጥኑን እንደያዘ በአዳራሹ በር አለፍን። ጠመንጃ የያዘው ጥበቃ ወዴት ነው ሲለው፣ ወንድሜ እንደ ወትሮው ‹‹ለቅኝት›› አለ። እኛ ከጨዋታ በፊት ክሩን አጥብቆና አላልቶ ድምፅ ማስማማቱን ነው ቅኝት የምንለው። ጥበቃው ግን የሚያውቀው የጦር ሜዳውን ቅኝት ብቻ ነበርና፣ ሰላይ ቀበሌውን ሊቃኝ መጣ ብሎ አፈፍ አደረገው። ወጋየሁም ለማስረዳት ‹‹ኧረ ወንድሜ፣ መሣሪያ ልንቃኝ ነው!›› ቢል ነገሩን አባሰው። ያ ጥበቃ በትጋቱ ዛሬ ሊቀመንበር ለመሆን ስለበቃ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም።

፫. ስለ መልበሻ ክፍሉ። የአዳራሹን ዕቃ ቤት አረንጓዴ ቀለም አስቀብተው፣ መስታወትም አሰቅለው ለተጫዋቾች ማረፊያ ስላደረጉልን እጅግ አመሰግናለሁ። መቀርቀሪያው ግን ዛሬም ያለው ከውጭ በኩል ብቻ ነው። ሥራ በዝቶብዎ ረስተውት ይሆናል፤ ወይም ዘፋኝ ሳይጨርስ እንዳይሄድብዎ አስበው ይሆናል። እኔ እግሬን ወደ ውስጥ ማስገባት ስላልቻልኩ ስለ ስፋቱ አስተያየት የለኝም። ስንት ሰው እንደሚይዝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

፬. ስለ ድምፁ። ጥሩ የጃዝ ክፍል ድምፅን ትንሽ ይይዛል፣ ትንሽ ይመልሳል። የእርስዎ አዳራሽ ግን የራሱ ጠባይ አለው። መሐሉ ቆሜ ሳንጎራጉር ከፍ ያለው ድምፅ ወዲያው ጠፋ፤ ዝቅ ያለው ግን በዕቃ ቤቱ በር በኩል ዞሮ፣ እኔ ዝም ካልኩ በኋላም ቆየ። አብሮኝ የመጣው ከበሮ መቺው ሞልቱ የሲሚንቶ ነገር ነው አለኝ። የሲሚንቶ ነገር መሆኑን አላጣሁትም፤ ቢሆንም ፈራሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከኋላዬ ቤዝ የሚመታ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም፤ እኔም መልሼ መዝፈን አቃተኝ።

፭. ስለ ጎረቤት። የሙዚቃ ቤት ከመከፈቱ በፊት ጎረቤት ይጠየቃልና፣ ግድግዳቸው ከአዳራሹ ጋር የተያያዘውን ወይዘሮ ሙፊዳን ጠየቅሁ። እትዬ ሙፊዳ በጫጫታ የሚያማርሩ ሰው አይደሉም፤ ብቻ አልጋቸውን ከዚያ ግድግዳ ካራቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ለማንም ተናግረው የማያውቁትን ለእኔ ነገሩኝ። ወንድሜ ጊታሩን ከተቀማ በኋላ ቤዙን በአፉ ያንጎራጉር፣ በጣቱም ግድግዳውን ይመታ ነበር አሉ፤ አብረውት የታሰሩትም ቀስ ብለው ያጅቡት ነበር። ‹‹ደስ ይል ነበር እኮ ልጄ፤ ሳላስበው እግሬ አብሮ ይመታ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ›› ብለው አለቀሱ። አንድ ቀን ግን መጀመሪያውን ሰምተው መጨረሻውን አልሰሙትም። ስለዚህ በጥሪ ወረቀቱ ላይ ‹‹በአካባቢያችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርብ ጃዝ›› የሚለው እንዲታረምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። አዳራሽዎ ከተመረቀ ቆይቷል።

ትችት ብቻ እንዳይሆንብኝ ሌላ ቦታም አይቻለሁ። ወደ ላፍቶ ወረድ ብሎ ገበሬው አቶ ፈየራ የጭድ ቤት አላቸው። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ድምፁ ልዝብ ነው፤ ዝቅ ያለው ድምፅ መጥቶ በጊዜው ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ከሞልቱ ከበሮ ጋር ይሻማል፣ ሽታውም ለመኳንንት አይሆንም። አቶ ፈየራን እዚህ ቤት ሰው ታስሮ ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ደንግጠው አዩኝና ‹‹ምን ነካሽ? እኛ ጋ የሚታሰረው ላም ነው›› አሉኝ። ከሁሉም ደስ ያለኝ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ እናንተ የመረጣችሁት ነገር እንደማይለወጥ አውቃለሁ፤ ዝፈኚ ካላችሁኝም በአዳራሹ እዘፍናለሁ። በምትኩ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ወለሉ አዲስ ሲሚንቶ ተለብጧል። ወጋየሁ ከሥሩ ይሁን ሌላ ቦታ፣ በአንድ ቃል ቢያሳውቁኝ፣ ከሥሩ ከሆነ መድረኩን ከላዩ እናነሳለታለን፤ እናቴ ማሚቴም በሕይወት ሳለች አልቅሳ ትገላገላለች። ዛሬም ጥቁር ጨርቅ ቤቷ አይገባም፤ ለጎረቤት ሐዘን ጥቁር ቀሚስ ስሰፋ ከእሷ ተደብቄ ነው። እርምጃውን እናንተ ወሰዳችሁ፣ እርሙ ግን እኛ ቤት ተቀምጧል። ደክሞናል፣ ጓድ ሊቀመንበር።

ረጅም ዕድሜና ጥሩ የማስታወስ ችሎታ እየተመኘሁልዎ፣ ለስብሰባዎ የማልቀር፣ ለጭብጨባዎ የማልሰንፍ፣ በአዳራሽዎ በር ሳልፍ እንደ ሁሉም ሰው ማዶ የምሻገር፣ ታዛዥ ነዋሪዎ

አማከለች እስጢፋኖስ
የወጋየሁ እስጢፋኖስ እህት

ግልባጭ፦
ለእናቴ ለወይዘሮ ማሚቴ (መልስዎ እስኪመጣ አይነበብላትም)

የረሳሁት፦ እሑድ ዕለት ‹‹ሙዚቀኞቹ ቀደም ብለው ገብተው መሣሪያቸውን ይቃኙ፣ ከቅኝቱ በኋላ በሩ ይከፈታል›› ሲሉ ሰምቼ ተገረምኩ። ቃሉን እንደ ባለሙያ፣ በትክክል ነው የተጠቀሙበት። ያን ዕለት በሩ ላይ አያውቁትም ነበር። ያስረዳዎት ወንድሜ ራሱ፣ ከዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ሆኖ ይመስለኛል፤ ለማስረዳት ትዕግሥት ነበረው። እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ነገሩ ሲገባዎት ወጋየሁ በሕይወት ነበር?