ሳልጠይቅዎ የሰረዝኩት ሃያ ሁለት

ለውድ አባቴ፣

ይህ ወረቀት ከእኔ ቀድሞ ደጃፍዎ ስለሚደርስ ሰላምታዬን እሱ ያቅርብልኝ። እንደምን ከረሙ? ያ ጉልበትዎስ ቁልቁለቱን ይችላል? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ሥራዬ ነው።

እህቴ በስልክ ወንዙ ከድልድዩ በታች መድረቁን ነገረችኝ። እርስዎ ግን አሁንም በየማለዳው ይወርዳሉ አሉ፤ አሸዋ ላይ የቆመውን መለኪያ እንጨት አይተው፣ ዜሮ ጽፈው ይመለሳሉ። እሷ እየሳቀች ነው ያወራችልኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

አምና ከእናንተ በላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ በፓምፕ ይሳብ አይሳብ የሚል ጥያቄ መጣ። አለቃዬ ከወንዙ ውሃ ስንት እጁ ከመሬት ሥር እንደሚመጣ አስላ አሉኝ። ዝናብ ካቆመ በኋላ በወንዝ የሚወርደው ያው የመሬት ውሃ ስለሆነ፣ ዋናው የበጋው ቁጥር ነው። እርስዎ ለክተው የላኩልንን መዝገብ ገለጥኩ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ሃያ ሁለት፣ አሁንም ሃያ ሁለት። አባቴ ጉልበታቸው ሲያማቸው አልጋ ላይ ሆነው ነው የጻፉት ብዬ ደመደምኩ። ቢሮው እንዳይስቅብዎ ለማንም ሳልናገር ሦስቱን ወር ሰረዝኩና፣ በበጋ የሚያልቀውን የጎረቤት ወንዝ ቁጥር ተካሁበት። የመሬቱ ውሃ ድርሻ ከአሥር እጅ ሁለት ብቻ ሆኖ ወጣ። ወንዙ አይጎዳም ተብሎ ፓምፖቹ ተተከሉ። ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከስልኩ በኋላ መዝገቡን እንደገና አነበብኩት። ጥር አሥራ አራት ላይ ቁጥር የለም፤ «ጉልበቴን አሞኝ አልወረድኩም» የሚል ጽሑፍዎ ብቻ አለ። በማግስቱ ሃያ ሁለት። የሚዋሽ ሰው አንዷን ቀን ባዶ አይተዋትም። ውሃው ባለበት የረጋው የመሬቱ ውሃ ሳያቋርጥ ስለሚመግበው ነው ለካ። በእርስዎ ቁጥር ሳሰላው ከአሥር ስድስት እጅ ሆነ። አንድ ቀን ደውዬ «አባባ፣ ይህ እውነት ነው?» ብልዎ ይበቃ ነበር። ባዕድ ቢጽፈው እጠይቀው ነበር፤ አባቴን ግን የማውቅ መሰለኝ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኞ ዕለት ጥፋቴን በፊርማዬ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። አንብበው ሲጨርሱ «መትከሉ ቀላል ነው፤ መንቀሉ ነው ጭንቁ» አሉኝ። ይነቀላል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ነገ ግን እንደገና ቢሯቸው እገባለሁ።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ ትኩስ ነገር አታቋርጥ። እህቴን ስለ ስልኩ ያመስግኑልኝ። ለወንድሜና ለልጆቹ፣ እርስዎን «የወንዙ ጸሐፊ» እያሉ ለሚያበሽቁዎት ባለወፍጮም ሰላምታዬ ይድረስ። እውነትም ጸሐፊ ነዎት ይበሏቸው።

ዜሮውን ግን አይተዉብኝ፣ አባባ። ፓምፖቹ ወንዙን ለማድረቃቸው ማስረጃ ብዬ አለቃዬ ፊት ይዤ የምቆመው እሱን ብቻ ነው። በየማለዳው ይጻፉልኝ፤ ከእንግዲህ አንዱንም አልሰርዝም።

ሳይጠይቅ የፈረደብዎ ልጅዎ

ከቢሮው መዝገብ ክፍል
መጋቢት ፱ ቀን