ከጠረጴዛህ በላይ የሚያልፈው ንፋስ

አባዬ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። የመጀመሪያውን ሳለቅስ፣ ሁለተኛውን ስጣላ ነው ያሳለፍኩት። ከማን ጋር እንደተጣላሁና ለምን እንደተጣላሁ ልነግርህ ነው የምጽፈው። ደብዳቤው ያንተ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያነበውም ግን አልደብቅም። እንዲያውም ይነበብ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። አሁንም የምትተኛው በግድግዳው በኩል ነው፤ ያንተን ቦታ አልነካችውም። ግራጫ ኮትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ አለ። ስካርፍህን ግን እኔ ወስጄዋለሁ፤ ስለሱ ይቅርታ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የምታገኘው ይቅርታ ይህ ብቻ ነው። ከቤታችን በታች ያለው የቀበና ወንዝ ዳር ተጠርጎ የእግር መንገድ ወጥቶበታል፤ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰው ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። የጎረቤታችን የእትዬ አበሩ ቤት የነበረበት ቦታ አሁን ሣር ነው። ሣሩ ያምራል። እትዬ አበሩ ግን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ በበዓል ይደውላሉ፣ እማዬ ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች።

እንጦጦ ብቻ ነው ከቦታው ያልተነሣው። ጠዋት በሩን ስከፍት ያው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚሸተው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ይወርዳል። አንተ ብትኖር ከአልጋህ ሆነህ «በሩን! በሩን!» ትል ነበር።

አንተና ንፋስ! ልጅ ሆኜ እንዳንተ ንፋስ የሚፈራ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ሳድግ ነው ከተማው በሙሉ እንዳንተ መሆኑን ያየሁት። ሁለት በር ትይዩ ከተከፈተ መሃሉ አትቀመጥም። ለቅሶ ቤት ስንሄድ እንኳ መጀመሪያ የምታየው ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ነበር። አንድ ቀን ከመገናኛ ታክሲ ውስጥ ገብተን፣ ከፊታችን የተቀመጠው ተማሪ መስኮቱን ከፈተ። «የኔ ልጅ፣ መስኮቷን» አልከው። «ታፈንን እኮ፣ ፋዘር» አለህ። አንተም ስካርፍህን እየጠመጠምክ፣ «ብንታፈን አብረን ነን፤ ንፋስ ከመታኝ ግን ብቻዬን ነው የምታመመው» አልከው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ በሙሉ ካንተ ጋር ወገነ። ልጁ ዘጋው። ሁላችንም በላብ ተጠምቀን ቤት ደረስን።

የተጣላሁበት ጉዳይ ከዚያ ታክሲ ብዙም አይርቅም።

መሥሪያ ቤትህን አስታውሰው። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ ያንተ መዝገብ ቤት ደግሞ በምዕራብ በኩል። ተማሪ ሳለሁ ምሳ ይዤልህ ስመጣ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ጠረጴዛህ ላይ ቁጭ ትላለች። እናንተም አሮጌ ጋዜጣ በፕላስተር መስታወቱ ላይ ትለጥፋላችሁ። ጋዜጣው ያልሸፈነው ቦታ ያለው ያንተ ወንበር ጋ ስለነበር፣ የአያቴን የእርሻ ባርኔጣ ከቤት አምጥተህ፣ እሱን እንደደፋህ ማህተም ትመታ ነበር። ከጎንህ የሚቀመጡት ወይዘሮ ስንዱ፣ «አቶ ገመቹ፣ ዘንድሮ አጨዳው እንዴት ነው?» ይሉሃል። «አዝመራው ጥሩ ነው፤ ዝናብ ብቻ ነው የጠፋው» ትላቸዋለህ፣ ግንባርህን በመሐረብ እየጠረግክ።

ያ ሁሉ ላብ ሲወርድ ታዲያ መስኮት ይከፈት ያለ ሰው አልነበረም። የሚከፈተው መስኮት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በቀጥታ ማጅራትህ ላይ ነው የሚነፍሰው። ኤሲው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ተነሥተህ ታጠፋዋለህ፤ እሱም ንፋስ ነው ብለህ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ያንን ፎቅ የነደፈው ሰው እናንተን አያውቃችሁም። የበረሃ ከተማ ፎቶ አይቶ፣ ተራራ ላይ ለተቀመጠ ሕዝብ የበረሃ ልብስ ሰፋለት። ኤሲ የማያስፈልገው ከተማ በዓለም ላይ ካለ የኛው ነው። የሚያስፈልገን ጥላ ነው፤ ጥላና ሰው ማጅራት ላይ የማያርፍ አየር።

ስለ ካርቦን ስነግርህ ትስቅብኝ ነበር። «እኛ ቢሮ ካርቦን የቀረው ኮምፒውተር የገባ ዕለት ነው፤ አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው የምታስቸግሪን?» ትለኛለህ። እኔም ሲሚንቶው ሲቃጠል፣ መስታወቱ ከባሕር ማዶ ሲጫን፣ ጀነሬተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ጭስ አንድ በአንድ አስረዳሃለሁ። አንተ እስክጨርስ ትጠብቅና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ይሄን ሁሉ ለኔ ከምትነግሪኝ ለባለፎቆቹ ብትነግሪያቸው» ትላለህ። በአማርኛ ትቆጣኛለህ፣ በኦሮምኛ «ልጄ» ብለህ ታባብለኛለህ። አባዬ፣ ነገርኳቸው። ልነግርህ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

የመመረቂያ ሥራዬን የሞከርኩት በሳሎናችን እንደነበረ አትረሳውም። ከኮርኒሱ ሥር ግድግዳውን ሁለት ቦታ አስበሳሁ፤ አንዱ አየር የሚገባበት፣ አንዱ የሚወጣበት። ከእማዬ የዳንቴል ክር ቆርጬ ኮርኒሱ ላይ ሰቀልኩ። አንተ ጋቢህን ለብሰህ፣ ስካርፍህን እስከ ጆሮህ አጥብቀህ፣ እማዬን ዳማከሴ አስቆርጠህ፣ ክሩ ሥር ተቀመጥክ። በንፋስ ልትመታ የመጣህ ሰው ትመስል ነበር። ክሩ ከራስህ በላይ ይወዛወዛል፤ አንተ ጠበቅክ፣ ጠበቅክ፣ ምንም አልነካህም። በኋላ ጋቢውን ከትከሻህ ጣል አድርገህ፣ «ይሄ ንፋስ ጨዋ ነው፤ ሰው ሳይነካ ያልፋል» አልክ። መምህሮቼ ብዙ አስተያየት ሰጥተውኛል። እኔ ግን የተመረቅሁት ያን ቀን ነው።

አንተ ካረፍክ በኋላ የምሠራበት ድርጅት የአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥራ ያዘ፣ እዚያው ወደ መገናኛ፣ ከመሥሪያ ቤትህ ጎን። ነደፍኩት። በምዕራብ በኩል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ መስኮቶቹ ጠባብና ወደ ውስጥ የገቡ፣ በራሳቸው ጥላ የሚሸፈኑ። በየፎቁ ከራስ በላይ አየር ማስገቢያ፣ መሃል ላይ ሙቀቱን ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ረጅም ማማ። ሲሚንቶውን በቻልኩት ሁሉ ቀነስኩ፤ ድንጋዩንና ጡቡን ከቅርብ አደረግሁ። የሠራሁት ላንተ ነበር። በእያንዳንዱ ፎቅ አንተን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ንፋሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ እያየሁ ነው የሣልኩት።

አለቃዬ ኢንጂነሩ ወደደው። በጣም ስለወደደው የራሱ አደረገው። ለባለሕንፃው ሲያቀርብ «ይህን ሐሳብ ለዓመታት ሳብላላው ኖሬያለሁ» አለ። ያንን ሲል እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ስላይድ እቀይርለት ነበር። ያንንም ዋጥኩት፤ ሕንፃው ብቻ ይቁም አልኩ። ባለሕንፃው ግን ሥዕሉን አገላብጦ፣ «መስታወቱስ? ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የአያቱን ቤት ይሠራል እንዴ?» አለ። ኢንጂነሩ ዓይኑን ሳያሽ «እናስተካክለዋለን» ብሎ መለሰ። ሥዕሉን አስተካከሉት። ድንጋዩ ወጥቶ መስታወት ገባ። የአየር ማስገቢያዎቹ ተደፈኑ። ማማው ዕቃ ቤት ሆነ። ጣሪያው ላይ የኤሲ ማሽን ተደረደረ። ከዚያ አጥሩ ላይ ትልቅ ቢልቦርድ ተሰቀለ፤ መስታወቱ ላይ ቅጠል ተስሎ፣ «የከተማችን አረንጓዴ ሕንፃ» ይላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስሜ የትም አልነበረም። የመሠረት ድንጋዩ የሚጣልበት ቀን ሲደርስ ግን ኢንጂነሩ ጠራኝ። እንግዶች ስለ አረንጓዴነቱ ይጠይቃሉ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። «ስምሽ እንዲገባ ትፈልጊ የለ? ይኸው ነዳፊዋ ብለን አስገብተንሻል። ተነሺና አስረጂ፤ ሥዕሉም ላይ ፈርሚ» አለኝ። እውነት ሲሆን የነጠቀኝን ሥራ፣ ውሸት ሲሆን መለሰልኝ።

ተነሣሁ፣ አስረዳሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ማይኩን ይዤ እንዲህ አልኩ፦ «ይህ ሕንፃ አረንጓዴ አይደለም። አረንጓዴ የነበረውን እኔ ሥዬው ነበር፤ እሱን ደፍናችሁታል። እዚህ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከምሳ በኋላ መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ይለጥፋሉ፤ ሄዳችሁ ጎረቤቱን ፎቅ እዩ።» ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ማይኩ ጠፋ። ድምፄ ግን ካንተ ካልሆነ ከማን መጣ? መዝገብ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ድምፅ ነው ያወረስከኝ። ያለ ማይክ ጨረስኩት።

በማግሥቱ ተባረርኩ። ሥራ ፍለጋ በሄድኩበት ሁሉ ወሬዬ ቀድሞኝ ይደርሳል፤ «አመለኛ ናት» ይላሉ። አንዱ ፊት ለፊቴ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ምነው ዝም ብትዪ?» አለኝ። ኢንጂነሩ መልእክት ላከ፦ በጽሑፍ ይቅርታ ትጠይቅና ሥዕሉ ላይ ትፈርም፣ ቦታዋ አለላት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ቤት ድረስ መጡ። ጸለዩልን፣ ከዚያም «ልጄ፣ ትዕቢት ጥፋትን ይቀድማል» አሉኝ። «ጋሼ፣ በሐሰት አትመስክር የሚለውስ የት ተጻፈ?» አልኳቸው። ሻያቸውን ጠጥተው ተነሡ። የፈራሁት እማዬን ነበር። ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ደመወዜ ከቀረ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ሽማግሌውን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ፣ ኩባያዎቹን እያነሣች፣ «አባትሽም ያልመረመረው ወረቀት ላይ ማህተም አይመታም ነበር» አለች። እኔም አልፈረምኩም። አልፈርምም።

አሁን ደግሞ ደስ የሚልህን ልንገርህ። ወይዘሮ ስንዱ የድንኳኑን ወሬ ሰምተው ደወሉ። «አንቺ የገመቹ ልጅ፣ ያ አባትሽ ጨዋ ንፋስ ያሉትን እኛ ቢሮ ብታስገቢውስ? ጡረታ ሳልወጣ አንድ ቀን እንኳ ያለ ጋዜጣ ልሥራ» አሉኝ። ለካ ለእሳቸውም ነግረሃቸዋል! የፎቁ ባለቤት በሙቀቱ የተነሣ ተከራይ እየለቀቀበት ኖሮ፣ አንድ ፎቅ ላይ ሞክሪ አለኝ። የመረጥኩትን ፎቅ ታውቀዋለህ።

ምንም አላፈረስኩም። ከራስ በላይ ያለውን የመስታወት ረድፍ ብቻ አውጥቼ የሚከፈትና የሚዘጋ የጣውላ መዝጊያ አስገባሁ። ከውጭ በምዕራብ በኩል የጣውላ ጥላ ሰቀልኩ። ሙቀቱ በደረጃው በኩል ወደ ጣሪያ እንዲወጣ መንገድ ከፈትኩለት። ማንም ቢልቦርድ አይሰቅልለትም። ነገር ግን ስለዚያ ካርቦን ብትጠይቀኝ፣ አባዬ፣ ከቆመው ሕንፃ የሚሻል አዲስ የለም፤ ሲሚንቶው አንዴ ተቃጥሏል፣ ደግመን አናቃጥለው።

መጀመሪያ በተከፈተበት ቀን መዝገብ ቤቱ በሙሉ ስካርፍና ጋቢ ለብሶ መጣ። እንዳንተው ሊመቱ ነው የተቀመጡት። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ከጠረጴዛህ በላይ የዳንቴል ክር አሠርኩ። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ መጣች፤ ጥላው ላይ ቀረች። ክሩ መወዛወዝ ጀመረ። ወይዘሮ ስንዱ አንገታቸውን ቀብረው ቆዩና፣ «ንፋሱ ታዲያ የታለ?» አሉ። ወደ ላይ ጠቆምኳቸው። ክሩን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ስካርፋቸውን ቀስ ብለው ፈቱና፣ «አቶ ገመቹ፣ አጨዳው አልቋል» አሉ፣ ወደ ወንበርህ ዞረው።

ጋዜጦቹን ከመስታወቱ ላይ በእጄ ነው የላጥኳቸው። ቢጫ ሆነዋል፤ አንዳንዱ አንተ የለጠፍከው ነው፤ ፕላስተሩን ጥርስህ እንደቆረጠው ይታወቃል። አንዷን ለእማዬ ሰጠኋት። የቀሩትን ጠቅልዬ፣ አዲስ ፕላስተር ጨምሬበት፣ ለኢንጂነሩ ላክሁለት። የጠበቀው የይቅርታ ደብዳቤ ነበር። ጥቅሉ ላይ «ለሕንፃዎ ተከራዮች ያስፈልጋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ስሜን ከነአባቴ ስም አስቀመጥኩ። የፈረምኩት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ካሁን በኋላ በምሠራበት ሕንፃ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከአንድ ጠረጴዛ በላይ ክር እሰቅላለሁ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ ስለ ባርኔጣህ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ማጅራትህ እነግራቸዋለሁ፤ ሥራ እስካለኝ ድረስ ስላንተ የማይሰማ ፎቅ አይኖርም።

ስካርፍህን ግን አልመልስም። ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ አሁንም ጨዋ አይደለም።

ልጅህ