ለሰሌዳው የተቀበልኩት ሣር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መጋቢት 2006 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? የኦቾሎ ብርድ እንዴት ይዞሻል? አጎትሽ አባባ ኦይታስ፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቁን እከፍታለሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ዝናቡ ዘግይቷል፤ ከአባያ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ ይፋጃል።

የምጽፍልሽ ስለ ሰሌዳው ነው። ስለ ሌላው ልጽፍ ስነሳ እጄ እምቢ ይለኛል።

ፈረንጇ የስፌት አስተማሪያችን አረንጓዴውን የጨርቅ መቁረጫ ሰሌዳ ትታልን ስትሄድ፣ ከፀሐይና ከካውያ ጠብቁት፣ አንዴ ከጎበጠ አይመለስም ብላን ነበር። ፕላስቲክ እንደ ሕፃን ይጠበቃል ወይ ብለን ሳቅን። ከዚያ ግን እንደ ሕፃን ጠበቅነው። ከሸማኔ ቤት የድንጉዛ ጨርቅ ቁርጥራጭ እየለቀምን፣ በሰሌዳው መስመር እያስተካከልን እየቆረጥን፣ ስንት ብርድ ልብስ ቀጣጠልን። አንዷ ቁራጭ ክር ታህል ከሸሸች ጥጉ ላይ ስንደርስ ጣት ያህል እንጣመማለን የምትዪው አንቺ ነበርሽ።

በጥር፣ ሴቻ ቤቴ ወስጄ ልሥራበት ብለሽ ወሰድሽው። ስትመልሺው መሀሉ ጎብጦ ነበር። አቀርቅረሽ፣ ቆርቆሮው ሥር ግድግዳ አስደግፌ ረስቼው ነው፣ ይቅር በይኝ አልሽ። አለቀስሽ። ለሰሌዳ ይለቀሳል? አቀፍኩሽ። በሳምንቱ አየር ልለውጥ ብለሽ ኦቾሎ ወጣሽ።

ግድግዳ የተደገፈ ሰሌዳ ዳር እስከ ዳር እንደ ቀስት ይጎብጣል። ይሄኛው ግን መሀሉ ላይ ክብ ጉብታ ነው ያለው፣ የተነፋ ሊጥ ይመስል። አየሁት።

ላቃናው ሞከርኩ። ሲሚንቶ ላይ ፀሐይ አስመታሁትና ለስለስ ሲል ፍራሽ አልብሼ ድንጋይ ጫንኩበት። ተኛ። በማግስቱ ተነሳ። ለብ ባለ ውኃ ነከርኩት። ፎጣ ደርቤ በካውያ ዳሰስኩት፤ ሌላ ትንሽ ጉብታ ጨመረልኝ። ዓሣ ጠባሿ ብርቅዬ፣ አፏን ታውቂው የለ፣ በበር ብቅ ብላ፣ አንቺ፣ ይሄ ነገርሽማ ሆዱ ገፍቷል፣ ምጡን መጠበቅ ነው አለችኝ። ሳቅን። ያኔ ስቄያለሁ።

ስዳስሰው ቀኝ ጥጉ ላይ አዲስ የምላጭ ጭረት አገኘሁ። በእኛ ልክ አይደለም። ሦስት ጣት በሦስት ጣት። እንዲህ ባለ ቁራጭ ትልቅ ሰው የሚለብሰው ነገር አይሠራም። ለማን ይሆን ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አባባ ኦይታ መጡ።

በዚያ ሙቀት ከተራራው ወርደው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም አሉ። እኔ ከጎጃም የመጣ አስተማሪ ልጅ ነኝ፤ የአገሩን ወግ የማውቀው ከአንቺ ነው። ሣር የያዘ ሽማግሌ ፊትሽ ከቆመ እምቢ አይባልም። ሣሩን ከተቀበልሽ ነገሩ ሞተ፣ ማንም አያነሳውም። ግን አስቀድሞ በዳይ ጥፋቱን ለተበዳይ በገዛ አፉ ይናገራል። እንዲህ ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ልጄ፣ ጥፋቷን ነግራሻለች አይደል? አሉኝ። አዎ አባባ፣ ነግራኛለች አልኩ። ሁሉንም? አሉ። ሁሉንም፣ አልኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንጀትሽ ሰፊ ነው ልጄ፣ ሌላ ሴት በር ትዘጋብኝ ነበር አሉ። እኔ ደግሞ ለዚህ ብለው ያን ሁሉ መንገድ መውረዳቸው ከብዶኝ፣ ኧረ አባባ፣ ዕቃ አይደል እንዴ፣ በሌላ ይተካል አልኳቸው። ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። ሣሩን ተቀበልኩ። ባሌ ጓሮ ነበር። ድምፃቸውን እየሰማ አልወጣም። ባሌ ልበለው፤ ዘካሪያስ ማለት ዛሬ ከብዶኛል።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሣሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ለጎበጠ ሰሌዳ ሣር ይያዛል?

ቅዳሜ አናጺው ገነነ በጣውላ ጨምቆ እንዲሞክርልኝ፣ ሰሌዳውን ይዤ የባሌ ዲኤክስ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከኋላ መስታወቱ ሥር ያለው መደብ ላይ፣ ያ ድቡልቡል ስፒከር ያለበት ላይ አኖርኩት። ተቀመጠ። ልክ እንደ ባርኔጣ። ጉብታው በስፒከሩ ላይ፣ ጠርዙ በወንበሩ ጀርባ ላይ። ጣት የሚያሾልክ ክፍተት የለውም። በፍራሽም በድንጋይም እምቢ ያለኝ ነገር እዚያ ሲደርስ አረፈ።

ባሌ ከመሪው ሆኖ በመስታወቱ አየው። ሞተሩን አጠፋ። እዚያ አይቀመጥም አለ። ወረደና፣ ሳያይ፣ የግራ ጥጉን ከወንበሩ ቀበቶ ሥር አሹልኮ ሳበው። የለመደ እጅ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር እሁድ እሁድ አባያ ዳር ዓሣ ልግዛ እያለ እየሄደ፣ ዓሣ የለም ብሎ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ብርቅዬ ግን በነዚያ እሁዶች ዓሣ ስትጠብስ ነው የዋለችው። የጥሩ ፀሐይ ደግሞ ሰሌዳ የሚያቀልጥ ነበር።

ገነነ ጋ አልሄድንም። ባሌን ምንም አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲህ በየክፍላችን ሆነን እናስላለን፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ይቆማል።

የከፋኝን ልንገርሽ? እሱ አይደለም። ይቅርታዬን ከእጄ ሰረቅሽኝ። ነገርኳት ብለሽ አጎትሽን ላክሽ፤ እኔም ነግራኛለች ብዬ ውሸትሽን አጸናሁልሽ። ብትነግሪኝ ኖሮ ምናልባት እሰጥሽ ነበር። ምናልባት። አሁን እኔም አላውቀውም።

ሣሩ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ፣ አንቺ የምትቀመጪበት በኩል ነው። ሰሌዳውን ይቅር ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ለሌላው ግን ሣር አልተቀበልኩም። ይህን ለአባባ ኦይታ አንቺው ንገሪያቸው፤ ከእኔ ከሰሙት ያን ጎንበስ ማለታቸውን እንዴት ይችሉታል? ከነገርሻቸው በኋላ እኔም አልቀርም፣ ኦቾሎ እወጣለሁ። እዚያው ሸንጎው ሜዳ ላይ፣ ሰው በማይዋሽበት፣ ፊቴ ቆመሽ በአፍሽ በዪው። እጄ ይዘርጋ አይዘርጋ ያን ቀን አብረን እናየዋለን።

ሰሌዳውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደዚያ በሚወጣው በናትናኤል እጅ ልኬልሻለሁ። መሀሉ ለእኔ አይሆንም። ቀኝ ጥጉ ግን አሁንም ዝርግ ነው፤ ለጀመርሽው ይበቃል። ከቀዩ ድንጉዛ ለስላሳ ለስላሳውን መርጬ ጠቅልዬበታለሁ። ኦቾሎ ሌሊቱ ክፉ ነው፤ ደርበሽ ስፊው።

ለአባባ ኦይታ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንቺም ከባድ ነገር አታንሺ፣ ቁልቁለቱን ብቻሽን አትውረጂ። እመቤቴ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አብሮ አደግሽ