አሥር ሰዓት ላይ አንዴ የሚጮኸው ስልካችን

ለሰፈራችን የስልክ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ቡሪ፣ ካርቱም
የካቲት 2014 ዓ.ም.

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ የቢሮዎን አየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እንዲያገኝ ምኞቴ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ልጠይቅዎ መጥቼ በርዎ ተዘግቶ ባገኘውም፣ ከበሩ ሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር እግሬን ሲነካኝ ቢያንስ ማቀዝቀዣው ደኅና መሆኑን አረጋግጬ፣ ስለ እርስዎም ከዚያው ተነሥቼ አላህን አመስግኜ ተመልሻለሁ።

ስሜ ተውፊቅ ነው፤ እዚሁ ከተማ የተወለድኩ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤዎች በዓረብኛ ጽፌልዎ ነበር፤ ሦስቱም በቅርንጫፍዎ መስኮት ሦስት ገብተው የት እንደ ደረሱ ስላልታወቀ፣ አራተኛውን በአማርኛ ጽፌ በኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ወስኛለሁ። ለማይነበብ ደብዳቤ ቋንቋ ሁሉ እኩል ነው፤ ይሄኛውን ግን ቢያንስ ወደ ውኃ ቧንቧው የሚሄድ ተማሪ ያነበዋል። የአማርኛ መምህራችን አቶ ዘማርያም ነጥቡንና ሰረዙን አርመውልኛል። የሰረዙብኝ አራት ቃላት ብቻ ናቸው፤ አራቱም እርስዎን የሚገልጹ ነበሩ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ያማረ ባለቀለም ወረቀት ደረሰን፤ “ውድ ደንበኛችን ወይዘሪት ረሺዳ፣ እንኳን ደስ አለዎት!” ይላል። የድሮው የቤት ስልክ መስመር በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚነሣ፣ በምትኩ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ እንደሚገባልን፣ ለዚህም ደንበኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማዋን ይዛ በአካል እንድትቀርብ ያሳስባል። ረሺዳ ታላቅ እህቴ ናት፤ ባለፈው ክረምት በሃያ ሦስት ዓመቷ ሞታለች። እናቴ ዓረብኛ ማንበብ ስለማትችል “ምን ይላል?” ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም “ረሺዳን እንኳን ደስ አለሽ ይላል” አልኳት። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችና “እነሱ የሰሙት ነገር ይኖር ይሆን?” አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከመሥሪያ ቤትዎ ለተላከ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ተስፋ የተጣለበትን ቀን አላስታውስም፤ ስለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እንግዲህ ቤታችን በሁለት ተከፍሎ ሰንብቷል። እናቴ “የድሮው ይቆይ” ትላለች፤ እኔ ደግሞ “ይቀየር” ባይ ነበርኩ። ነገሩን በፍትሕ እንዲያዩልን ያለውን ሁሉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፣ ስለ አዲሱ ስልክ ውበት። እዚህ ላይ ውሸት አልናገርም፤ ከላያችን ያሉት ጎረቤታችን ሃጃ ሉጥፊያ ካስገቡት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ሳጥኑ ነጭ ነው፣ አራት አረንጓዴ መብራቶች አሉት፣ ፖርት ሱዳን ያለው ልጃቸው ሲደውል ድምፁ ከመታጠቢያ ቤት የሚጮኽ ያህል ቅርብ ነው። የእኛው ስልክ ደግሞ ነጭ ሆኖ ተገዝቶ አሁን የሻይ ቀለም ይዟል፤ ሰባት ቁጥርም ሁለቴ ካልተጫኑት አይሰማም። ይሁንና መብራት በጠፋ ቁጥር፣ በሰፈራችን ይህ ምን ያህል አልፎ አልፎ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፣ የሃጃ ሉጥፊያ ሳጥን ከእኛው ጋር ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ የእኛው አሮጌ ግን መብራት መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። በጥቅምት ኢንተርኔት ከከተማው ለሳምንታት በጠፋ ጊዜም ሃጃ ሳጥኑ ላይ የሬሃን ተክል ማሰሮ አስቀምጠውበት ነበር፤ እውነት ለመናገር ለማሰሮው በጣም ይመቸዋል።

2ኛ፣ ስለ ቀጠሮው። ቴክኒሻናችሁ ኢክሪማ ደውሎ ቤቱን ሊያይ “ቡክራ (ነገ) በአሥር ሰዓት” እንደሚመጣ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ካርቱም ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናትም ሰዓቷ እስከ ዛሬ ከወሎ አልወጣም፤ ለእሷ አሥር ሰዓት ማለት ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ገበያ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉን አራግፋ፣ ለእንግዳው ከርከዴ አቀዝቅዛ፣ በአሥር ሰዓት በር ላይ ቆመች። ኢክሪማ ግን በእናንተ አቆጣጠር ጠዋት መጥቶ፣ ሰው አጥቶ፣ በራችን ላይ ወረቀት ለጥፎ ሄዶ ነበር። ወረቀቱ “ደንበኛዋ አልተገኘችም” ይላል። ከመሥሪያ ቤታችሁ ከወጡት ጽሑፎች ሁሉ ስሕተት ያላገኘሁበት ይህ ብቻ ነው።

3ኛ፣ ስለ መስኮት ሦስት። መስመሩ ወደ እናቴ ስም ይዛወርልን ብዬ የእህቴን የሞት ምስክር ወረቀት ይዤ ቀረብኩ። እዚያ ያሉት ባለሥልጣን ወረቀቱን በጥንቃቄ አንብበው፣ የሞት ምስክር ወረቀት መስመር ለመዝጋት እንጂ ለማዛወር እንደማያገለግል፣ ለማዛወር ሁለቱም ወገኖች ፊታቸው ቀርበው መፈረም እንዳለባቸው በትሕትና አስረዱኝ። “አንደኛዋ ወገን እኮ ሞታለች” ብላቸው “ገባኝ፣ አላህ ይርሐማት፤ እንግዲያው ውክልና ትስጥህ” አሉኝ። ለሰጡኝ ምክር አመስግኜ ወጣሁ፤ እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

4ኛ፣ ስለ ቁጥሩ። አዲሱ ስልክ አዲስ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ አጀማመሩም እንደ ሞባይል ቁጥር ነው። ይህ ለእርስዎ ትንሽ ነገር ሊመስል ስለሚችል ላስረዳዎ። በሀብታሞቹ ሰፈር በካፉሪ ቪላዎች የሚሠሩ የእኛ ልጆች ሞባይላቸውን አሠሪዎቻቸው መዳሞቹ ከዓርብ እስከ ዓርብ “ያስቀምጡላቸዋል”፤ የቪላው ስልክም ወደ ሞባይል እንዳይደውል ይቆለፋል፣ ወደ ቤት ስልክ ግን ክፍት ነው። ያልተነሣ ጥሪ ደግሞ ሒሳብ አይቆጥርም። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ሥርዓት አበጅተዋል፤ አንዴ ጮኾ ከተዘጋ “ደኅና ነኝ” ማለት ነው፣ ሁለቴ ከሆነ “ዓርብ እመጣለሁ፣ ምሳ አቆዩልኝ” ነው፣ ሳያቋርጥ ከጮኸ ግን “አንሡት” ነው። እህቴ ካፉሪ ነበር የምትሠራው፤ በየቀኑ በእኛ አሥር ሰዓት፣ መዳሟ ከቀትር እንቅልፏ ሳትነሣ፣ አንዴ ታስጮኸውና ትዘጋው ነበር። እናቴም ስልኩን ሳትነካ “ወአለይኩም ሰላም” ትለውና ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። በኢንተርኔቱ ስልክ ብንቀይረው ከተቆለፈው የቪላ ስልክ የሚደውል ሰው ቁጥራችንን ማግኘት አይችልም።

5ኛ፣ ስለ ስድስቱ ቀናት። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ መስመራችን ተበላሸ። እሑድ ጠዋት መስኮት ሦስት ብቀርብ፣ ብልሽት ማመልከት የምትችለው ደንበኛዋ ራሷ ብቻ እንደሆነች ተነገረኝ። የምትሠራው ሰው ቤት ነው፣ የምትወጣውም ዓርብ ብቻ ነው ብል “ዓርብ ትምጣ” ተባልኩ፤ ዓርብ እንደምትዘጉ እኔም እናንተም እናውቃለን። አሥር ሰዓት ሲደርስ ስልኩ ዝም ይላል፤ እናቴ ግን “የታመመው ስልኩ ነው እንጂ ልጄ ደኅና ናት” እያለች አልደነገጠችም። ሰኞ እህቴን ትኩሳት ያዛት። በዚያው ቤት ወጥ የምትሠራው ፋሪሃ በኋላ እንደ ነገረችን፣ እህቴ ማክሰኞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እስከ መግሪብ ሶላት ስትደውልልን ነበር። በእሷ ጆሮ ይጠራል፣ በእኛ ቤት ግን ድምፅ የለም። ረቡዕ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ሐሙስ መርዶዋ በሰው መጣልን። ወባ ነበር። በመርዶው በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሠራተኞቻችሁ ደንበኛዋም ሳትቀርብ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ መስመሩን ጠግነውልን ሄዱ። ስለ ቅልጥፍናችሁ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

“ይቀየር” ባይ የነበርኩት ለዚህ ነው። ያን የሻይ ቀለም ስልክ ባየሁት ቁጥር አንሥቼ ዓባይ ውስጥ ልወረውረው እፈልግ ነበር፤ አንድ ቀንም ሽቦውን ነቅዬ እስከ በሩ ድረስ ወስጄው እናቴ ከእጄ ተቀብላ መልሳ ሰክታዋለች።

የነቀልኩትን የሰካችበትን ምክንያት አሁን ልንገርዎ። መስመሩ በተጠገነበት ቅዳሜ ቤታችን ለቅሶ በመጣ ሰው እንደተሞላ፣ በአሥር ሰዓት ስልኩ አንዴ ጮኸና ተዘጋ። እናቴ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። የደወለችው ፋሪሃ ነበረች። ዓርብ ዕለት መጥታ “ሰዓቷን ባዶ ላደርገው አልቻልኩም፣ እማማ፤ ከከፋሽ እተዋለሁ” ስትላት እናቴ “እንዳትተዪ” አለቻት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም። እናቴም ሰላምታዋን ትመልስላታለች።

እኔ ግን በዚህም አልተረታሁም ነበር። የረታኝ የጥቅምቱ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት በጠፋበት፣ የሃጃ ሉጥፊያ ሳጥን ማሰሮ በተሸከመበት ሳምንት፣ በአሥር ሰዓት ስልካችን ጮኸ፣ ደግሞም ጮኸ፣ አላቋርጥም አለ። እናቴ መንቀሳቀስ ስላቃታት እኔ አነሣሁት። “ተውፊቄ፣ በዚህ ሙቀት በረደኝ” አለችኝ ፋሪሃ፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ወደ ላይ ሮጬ ለሃጃ ሉጥፊያ ስነግራቸው ነጠላ ጫማቸውን እንኳ በደንብ ሳያጠልቁ “ያላ!” ብለው ቀደሙኝ፤ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ በኮንትራት ይዘን ድልድዩን ተሻገርን። መዳሟ በር ላይ ቆማ “ጉንፋን ነው፣ ቡክራ ይሻላታል” ስትል፣ ሃጃ ሉጥፊያ “ያቺኛዋንም ቡክራ ብለሻት ነበር፤ አሁን ከበሩ ዞር በይ” አሏት፤ መዳሟም ዞር አለች። ወባ ነበር። በጊዜ ስለደረስን በአራተኛው ቀን ፋሪሃ የሐኪም ቤቱ ሾርባ ጨው የለውም ብላ ማማረር ጀመረች።

ስለዚህ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ቤታችን በአንድ ድምፅ ወስኗል፤ የድሮው ይቆያል። ደንበኛዋ በአካል ሳትቀርብ ወደ እናቴ ስም ይዛወርልን። ደንባችሁ ግድ ይቀየር የሚል ከሆነም እምቢተኞች አይደለንም፤ ይህንኑ ቁጥር ሳትነኩ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪ ጨምራችሁ ስጡን፣ ሳጥኑን እኔ ራሴ በራሴ ተሸክሜ እወስደዋለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ ግን መስመሩን ለመቁረጥ የሚመጣው ሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ እንዲመጣ በትሕትና እለምናለሁ፤ የዚያን ቀኑን ሰላምታ እናቴ ትስማ።

እስካሁን ላላነበቧቸው ሦስት ደብዳቤዎችና ለማያነቡት ለዚህ አራተኛ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ ምቹ፣ በርዎ ድፍን፣ ማቀዝቀዣዎም የማይሰለች ሆኖ ብዙ ዘመን እንዲያገለግሉ እመኛለሁ፤ በመስኮት ሦስት ተራ ቁጥር መቶ አርባ ሁለት፣ አሁንም ወረፋ ላይ ያለሁት አክባሪዎ፣

ተውፊቅ፣ የረሺዳ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ደንበኛዋ ራሷ ካልፈረመች አይሆንም የሚሉ ከሆነ፣ ኢክሪማን ቅጹን አስይዘው ይላኩልን፤ ቡሪ መቃብር፣ ከምሥራቁ አጥር አጠገብ ከኒም ዛፏ ሥር ያገኛታል። በሰዓቱ አይጨነቅ፤ እሷ በሁለቱም አቆጣጠር አለች።