ቄጠማው ሥር ኤሊ አለች

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

«ይህች ልጅ ዲግሪዋን ይዛ ጭቃ ውስጥ ምን ትሠራለች?» ሳይሉ እንዳልቀሩ አውቃለሁ። ከሁሉ በፊት ግን እንዴት ሰነበቱልኝ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ለቀቀዎት ወይ? እማዬንስ ሳሉ ተሻላት? የበልጉ ዝናብስ ጣለላችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከወንድምዎ ከጋሼ ሠረቀብርሃን ጋር ከመኳረፌ በቀር።

ጋሼ ደውለው «ስሂን አሳፈረችን» እንዳሉዎት ሰምቻለሁ። ነገሩን ከእኔም ይስሙት።

አምና ቤተ ክርስቲያናችን ከሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ፣ በሜሪላንድ ገጠር፣ ሰፊ የእርሻ መሬት ገዛ። የሕንጻ ኮሚቴውን የሚመሩት ጋሼ ናቸው። በመሬቱ መሐል ጅረት ይወርዳል፤ ዳር ዳሩ ረግረግ ነው። ሳቢሳ ቆሞ ለዓሣ ያደባበታል፤ ቢቨር የሚሉት ትልቅ አይጥ የሚመስል እንስሳ እንጨት እየገዘገዘ ይገድበዋል። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ጅረቶችን እየዞሩ መመርመር ነውና ገና ሳየው ጮቤ ረገጥኩ። ጋሼ ግን «ፓርኪንግ ይወጣዋል» አሉ። ለካ ጅረቱን በቱቦ ቀብረው አስፋልት ሊያለብሱት ኖሯል።

የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለምእመናኑ የሚታደል ቄጠማ ልናጭድ ወደዚያው ሄድን። የጋሼ ባለቤት እትዬ የዓለምዘርፍ ረግረጉን ሲያዩ «ይኸው የአገሬ ቄጠማ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። እኔም፣ የተማርኩት እኔ፣ ማጭድ ይዤ ገባሁ። አንዱን ጭብጥ ልቆርጥ ስል፣ ሥሩ፣ መዳፌን የማትሞላ ኤሊ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንገቷ ግራና ቀኝ ብርቱካንማ ምልክት አለው። አባዬ፣ ይህች ዘሯ እየጠፋ ያለ፣ በሕግ የምትጠበቅ ኤሊ ናት። ቤቷን ነበር የምናጭደው! «በቃ፣ አቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። እዚህ የተወለደችው የጋሼ ልጅ አቢጊያ እንኳ «ዳድ፣ ኢትስ ኸር ሃውስ!» አለቻቸው፤ ቤቷ እኮ ነው ማለቷ ነው። በዚያ ዕለት ግማሹ ሰው ያለ ቄጠማ ቀረ፤ እስከ ዛሬ እታማለሁ።

በሳምንቱ ጋሼ የግንባታ ፈቃድ ፎርም አምጥተው «እንግሊዝኛው ያንቺ ነው፣ ሙዪልኝ» አሉኝ። አንዱ ጥያቄ በመሬቱ ላይ በሕግ የሚጠበቅ እንስሳ አለ ወይ ይላል። «የለም በይ» አሉ። እኔ «አለ» ብዬ ጻፍኩ።

«ለአንዲት ኤሊ ብለሽ የእግዚአብሔርን ቤት ታስቀሪያለሽ?» አሉኝ። ቤቱ የት ይቀራል? ፓርኪንጉ ኮረብታው ላይ ይሆናል ብዬ ንድፉን ሠርቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ዞረውም አላዩት። ወይ ፎርሙን አስተካክዪ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ አሉኝ። ለቀቅኩ። አሁን ላንግሊ ፓርክ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነኝ፤ አልራበኝም፣ አልበረደኝም፣ አልፀፀተኝም።

እኛ እዚህ ጥምቀትን የምናከብረው በተነፋ የፕላስቲክ ገንዳ ነው። አሁን የሚፈስ ውኃ ተሰጥቶን፣ እሱን ቀብረን ገንዳውን በላዩ ልንነፋ ነው! ይህንንስ ዝም ብዬ አላይም።

ሐምሌ ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። እኔን ልጅ ናት ብለው ያልፉኛል፤ እርስዎን ግን እንዴት ብለው? የመሐል ሜዳን ጥምቀተ ባሕር ሃያ ዓመት የጠበቁት እርስዎ ነዎት፤ ዳሩ እንዳይታረስ፣ ከብት እንዳይገባበት ብለው ከስንቱ ጋር ተጣልተዋል። ያኔ ከጎንዎ ቆሜ አይቻለሁ። ጭቃውን የለመድኩት ኮሌጅ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መሰለዎት?

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ንጉሴ በትምህርቱ እንዳይሰንፍ፤ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሉባባም የከበረ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እባክዎ፣ ያንን ውኃ ለምን እንደጠበቁ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ጋሼ የታላቅ ወንድማቸውን ጽሕፈት ያውቁታል። ጉባኤው ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ከተቆጡኝም ቁጣዎን ይጻፉት፤ እሱንም ሳልዘል አነበዋለሁ።

ልጅዎ ስሂን
ላንግሊ ፓርክ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.