ስለ ተዘጋው ገበያና ስለ ታሰረችው ሎሚ ሻጭ

ለናዝሬት ከተማ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ፦ የአቶ ዘገዬ አምባዬ ዶሮ ዛሬ ማለዳ ያለ ስብሰባና ያለ ውሳኔ አንድ እንቁላል መጣሏን በታላቅ ኩራት አስታውቃለሁ። ገበያው ከተዘጋ ወዲህ በቀበሌያችን የታየ ምርት እሱ ብቻ ስለሆነ ሳይነገር መቅረት አይገባውም።

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ አብተው፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር።

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ሆድዎስ? እኔ ለሰጪው ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። «ሰጪው» ማን እንደሆነ መጻፍ የሚያስጠይቅ ከሆነ ሰፊው ሕዝብ ነው ብለው ያንብቡልኝ። ይህን ደብዳቤ አሽጌ መላክ ስችል በተዘጋው ገበያ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ሂስ በአደባባይ መሆን እንዳለበት ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ከመማር አይቦዝንም።

አንደኛ፤ ከአገር አገር ሲዞር ቆይቶ እኛም ዘንድ የደረሰውን በሽታ በስሙ እንዳንጠራው፣ «የሆድ መረበሽ» እንድንለው ስላዘዙን እናመሰግናለን፤ ሬሳ ስንሸኝም ሟቹ ሆዱ ተረብሾ ነው እያልን ነው። ቀጥሎም ሕዝብ እንዳይጠጋጋ ብለው ንፋስ በሚነፍስበት ሜዳ፣ በግራሩ ጥላ የሚውለውን የገበሬዎች ገበያ ዘጉ። ይህም አስተዋይነት ነው። ግን ገበያው ለምን እንደተዘጋ ለማስረዳት ሁላችንንም አዳራሽ ጠሩን፤ የቀረ የስኳር ኩፖኑን ይነጠቃል ተባለ። መስኮቱ ተዘጋ። ለሦስት ሰው በተሠራ አግዳሚ ስድስት ሆነን፣ ላብ ለላብ ተቀባብተን መጠጋጋት አደገኛ መሆኑን እስኪመሽ ተማርን። ውሃ ሲጠማን በአንድ ጣሳ ከአንድ በርሜል እየጠለቅን ተቀባበልን። ጣሳው እኔ ዘንድ ሲደርስ ከንፈሩ ላይ የስንቱ ሰው ምራቅ እንደነበረ ልነግርዎ አልችልም፤ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን «አባባ፣ ሳያዩ ይጠጡ፣ ካዩ አይጠጡትም» ብለውኛል። ሳላይ ጠጣሁ።

ሁለተኛ፤ ገበሬው በጋሪ ያመጣውን ቲማቲም ኬላ ላይ አስወርሰው ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ስላስከመሩት ምስጋናችን ወሰን የለውም። ክምሩ አሁን ቲማቲም አይባልም። ቀልጦ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ትል አፍርቶ በቦዩ ወደ ግቢያችን እየወረደ ነው። ዝንቡማ ሳያስፈቅድ የሚዘዋወር ብቸኛ የቀበሌያችን ነዋሪ ሆኗል፤ ክዳን ከሌለው ሽንት ቤት ተነሥቶ ክምሩ ላይ ያርፋል፣ ከክምሩ ተነሥቶ የልጆቻችን አፍ ላይ ያርፋል። መሬት ላራሹ ስንል ቲማቲሙ ለዝንቡ ይሆናል ያለ ሰው አልነበረም። የዚያ ቲማቲም ባለቤት የሆነው ገበሬ ነጋሳ አንድ ቀን መጥቶ ክምሩን አየና አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ አፍንጫዬን ብቻ አልይዝም ነበር፤ አርጅቻለሁና ግን ይህን እንዳልጻፍኩ ይቁጠሩልኝ።

ሦስተኛውና ይህን ብዕር ያስነሣኝ የጉዲቱ ጉዳይ ነው። ጉዲቱን ያውቋታል፤ ከመልካሳ በኩል ሎሚና ሽንኩርት የምታመጣልን ገበሬ ናት። የልጅ ልጄ ዘርፉ በዚያ ስሙ በማይጠራው በሽታ የወደቀች ጊዜ ነርሷ በፈላ ውሃ ጨውና ስኳር በጥብጣችሁ ስጧት አለች። ልጅቱ ግን አፏን እየደፈነች እንቢ አለች፤ ጥቂት ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ነው የጠጣችው። ያን ሎሚ ከየት አገኘሁት? ከቀበሌው ሱቅ እንዳልል እዚያ ያለው ሳሙና የሌለው የሳሙና ካርቶን ነው። ከጉዲቱ ነው ያገኘሁት።

ጉዲቱ ከአጥራችን ማዶ ሎሚዋን በመደብ በመደብ አድርጋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ርቃ ግራሩ ሥር ትቆማለች። ገዢው ተራውን ጠብቆ ብቻውን ይጠጋል፣ ሳንቲሙን ሳሙና በተበጠበጠበት ጣሳ ይጥላል፣ መደቡን አንሥቶ ይመለሳል። አባቴ እንዳጫወተኝ በፈንጣጣው ጊዜም ሰው እንዲሁ ይገበያይ ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ነገር አላመጣንም። ጭቅጭቁ ሳይቀር ከሩቅ ሆነ። «አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ጉዲቱ! ምርቃቷስ?» ብዬ ስጮህ «እርስዎ ደግሞ አይጠግቡም አባባ! ዛሬ ድንጋዩን ጨምረው ይውሰዱ!» ትለኛለች። ሌላው ቀርቶ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ልጃችሁ በታመመ ሰሞን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው መጥተው ነበር። ደንቡን ስላላወቁ በቀጥታ ግራሩ ሥር ሄደው አጠገቧ ቆሙ። ጉዲቱም ማን ነዎት ሳትል ሰጠቻቸው። ልጁ መዳኑን ሰምተን ከልብ ደስ ብሎናል፤ ይህኛው ያለ ሽሙጥ የተጻፈ ነው።

ከዚያ ጠባቂዎችዎ መጥተው «ሕገ ወጥ መሰብሰብ» ብለው ወሰዷት። ከመላው ቀበሌ ብቻዋን የቆመችው እሷ ነበረች። አሁን መራራቅን ትማር ዘንድ ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንዲት ጠባብ እቃ ቤት፣ በአንድ ባልዲ ታጉራ ትገኛለች፤ ከውስጥም ሁለቱ ሆዳቸው «ተረብሿል» አሉ። ልጇ ጫልቱ በሩ ላይ ምግብ ይዛ ትመላለሳለች፣ ጠባቂው ምግቡን ተቀብሎ ያስገባል፤ ግማሹን የሚያስገባው ግን ወደ ራሱ አፍ ነው። ኤግዚቢት ተብሎ የተያዘውም ሎሚ በሻይ እየተጨመቀ አልቋል። ቅዳሜ ሸንጎ ፊት ትቀርባለች አሉን። በዚያ ክፍል እስከ ቅዳሜ ከቆየች ማን እንደሚቀርብና ማን እንደሚቀበር እርግጠኛ አይደለሁም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስለ ንጽሕና ሴሚናር ሶደሬ ወርዳችሁ ሁላችሁም በአንድ ሙቅ ገንዳ ስለ መዘፍዘፋችሁ። ግን ንጹሕ ሆናችሁ ስለተመለሳችሁ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ጉዲቱን ዛሬ ይፍቷት። ክምሩን ያስቀብሩ። ገበያውንም ይክፈቱልን፤ መደብና መደብ እንዲራራቅ እኔው በኖራ መስመር አሰምራለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት መስመር ነውና አይጣመምብኝም።

እጅዎን ሳልጨብጥ፣ ትከሻዎን ሳልስም፣ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ባርኔጣዬን በማንሣት ጥልቅ አክብሮቴን የማቀርብ፣ ጣሳው እስካሁን አፉ ላይ የሚሸተው የቀበሌዎ ታዛዥ

ዘገዬ አምባዬ

ማስታወሻ፦ ሂስ ካቀረብኩ ግለ ሂስም ይገባኛል። ከላይ ከጻፍኩት አንዱን ፈጥሬዋለሁ። ዶሮዋም እንቁላሉም እውነት ናቸው፤ ክምሩም፣ ትሉም፣ ጣሳውም እውነት ነው። ፈጠራው ወይዘሮ ሸዋወርቅ መጥተዋል ማለቴ ነው፤ ለሥልጣንዎ ክብር ብዬ ያደረግሁት ነውና እሳቸው ይቅር ይበሉኝ። ነጠላዋ በእርግጥ የእሳቸው ነበረች። ከሥሯ የታየው የወታደር ቡት ጫማ ግን የእርስዎ ነው። ጉዲቱም ያን ጊዜ አውቃዎታለች፤ አውቃ ነው ሁለት ሎሚ የጨመረችልዎ። ቅዳሜ ሸንጎው ምስክር ሲፈልግ እኛን አይጥሩን፤ እኛ ሁላችን ከሩቅ ነበርን። አጠገቧ የቆመው እርስዎ ብቻ ነዎት።