የተያዘ ስልክ ድምፅ

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 9፡20

ሣጥኗ በራች! አረንጓዴ መብራት፣ አራቱም መስመር ገባ። ደብተሬ፣ እንኳን ደስ አለሽ በለኝ እንጂ።

ጌትዌይ ትባላለች። የምሠራበትን የዓይን ክሊኒክ የድሮ ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የምታገናኝ፣ መጽሐፍ የምታህል ሣጥን ናት። የቀረኝ ድምፅ መምረጥ ብቻ ነበር፤ ደዋዩ የሚሰማው «ይጠራል»፣ «ተይዟል»፣ የእኛ ስልክ ደወል። የአገሮች ዝርዝር አላት። ከላይ እስከ ታች ወረድሁ፣ የእኛ የለችም። ተናደድሁ። የድምፁንና የዝምታውን ርዝመት እየለኩ በሰከንድ መሙላትም ይቻላል። ማን ይለካል! የአንዲት ሩቅ አገር ድምፅ መረጥሁ። ጢጥ ጢጥ፣ ጢጥ ጢጥ። ዘመናዊ ነገር።

እትዬ ዘሀራ፣ ስልክ ተቀባያችን፣ ከክሊኒኩ ጋር ያረጁ ሴት፣ በሞባይላቸው ደውለው አዳመጡ። ፊታቸው ተጨማደደ። ይኸማ የተያዘ ስልክ ነው፣ የገጠር ሰው ይዘጋዋል አሉ። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው አልኋቸው። እኔ ዓለምን የት አየሁት? ከፀዳ እስከ ፒያሳ ያለውን፣ በታክሲ፣ ነው የማውቀው። አልሁ ግን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5። ምሳ ሰዓት

እትዬ ዘሀራ መጡ። ስልኳ አንዴ ጭርር ትልና ሳነሳት ዝም ትላለች አሉ። የመስመር ችግር ነው አልሁ። ሳላይ። ሽሮዬ እየቀዘቀዘ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 7። ጠዋት 4፡00

አልጋ 6 ከጭልጋ የመጡ እናት ተኝተዋል፣ እማማ የሻረግ። ሁለቱም ዓይናቸው ትናንት ተሠርቶ በፋሻ ታስሯል። ልጃቸው አጨዳ ስለደረሰበት ዛሬ ወደ ጭልጋ ተመለሰ። በየቀኑ እደውላለሁ ብሎ ማለላቸው። የክሊኒኩን ቁጥር መዳፉ ላይ ጻፈ። ያነበብሁለት እኔው ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10። 10፡30

ሥ/አስኪያጁ ጠሩኝ። ደነገጥሁ፣ ለደግ ሆነ። የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል፣ ቋሚ ትሆኛለሽ አሉኝ። ክንፍ አወጣሁ።

ቀጥለው፦ ስልክ እኮ ቀነሰ፣ ሰው ሳይደውል ነው የሚመጣው፣ ስልክ ተቀባይ ምን ይሠራልናል? እትዬ ዘሀራ ወሩ ሲያልቅ ይሰናበታሉ። ደብዳቤው ተጽፏል።

ክንፌ ረገፈ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከራስ በላይ ነፋስ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12። 7፡00

እማማ የሻረግ በየጠዋቱ ልጄ ደወለ ወይ ይላሉ። ነርሷ እትዬ ዘሀራን ትጠይቃለች። የለም። ዛሬ ምሳቸውን አልበላም አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ዓይናቸው ታስሮ፣ ግድግዳውስ ምን ይሆናቸዋል?

ልጁን በልቤ ሰደብሁት። መዳፍ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ለመታጠብ ነው አልሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13። ጠዋት 4፡10

ክው አልሁ። ቆይ።

ሌላ ነገር ፍለጋ የሣጥኗን የጥሪ መዝገብ ከፈትሁ። አንድ ቁጥር፣ ከዓርብ ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ። አምስት ሰከንድ። ስድስት ሰከንድ። አምስት። ሁሉንም የዘጋው ደዋዩ። ወደ ታች ወረድሁ፤ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ቁጥር፣ ሁሉም እንዲሁ። ስልክ አልቀነሰም! ሰው ይደውላል፣ ጢጥ ጢጡን ይሰማል፣ ተይዟል ብሎ ይዘጋል። እኔ ነኝ።

ወደ ባለ አሥራ አራቱ ደወልሁ። ያ ልጅ ነው።

«እንዴ፣ እናንተ ናችሁ? ምነው ስልካችሁ ሁልጊዜ ተይዞ? ሰው በዝቶባቸው ነው ብየ እዘጋዋለሁ። እናቴ አለች?»

አለች? አለ። ስድስት ቀን ሙሉ ይኸን ሲጠይቅ ከርሟል።

4፡30

ለእትዬ ዘሀራ ነገርኋቸው። ነግሬሽ ነበር ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ለሴትዮዋ ነገርሻት?» ብቻ።

ሮጥሁ። ሞባይሌን እማማ የሻረግ ጆሮ ላይ ያዝሁላቸው። ልጃቸው አወራ፣ አወራ። በኋላ ጤፉ ሸጋ ነው? አሉት። ሲጨርሱ ምሳ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ። መተላለፊያው ላይ ቆሜ አለቀስሁ።

8፡00

የአገራችንን ጥሪ በሰዓት ለካሁ። አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ። ሣጥኗ ላይ ሞላሁት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም! ሩብ ሰዓት ሰስቼ ነው ይህ ሁሉ።

እትዬ ዘሀራ ከስልኩ ቀና ማለት አልቻሉም።

9፡40

ሥ/አስኪያጁ ብቅ አሉ። ስልኩ ነፍስ ዘራ፣ ጎበዝ ነሽ አሉኝ። ደብዳቤውን ነገ ከሰዓት ለእትዬ ዘሀራ እሰጣለሁ፣ ማሽኗ ካንቺ ጋር ትበቃለች አሉ።

አመሰግናለሁ አልሁ። ደብተሬ፣ አመሰግናለሁ አልሁ! ከመዝገቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኸ ነው። አፌ ከየት አመጣው?

ዓርብ፣ ኅዳር 14። ጠዋት 2፡15

የሥ/አስኪያጁ በር ላይ ቆሜ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ እጽፋለሁ። የጥሪ መዝገቡን አትሜዋለሁ፣ ስድስት ገጽ። አሥራ አራቱን በቀይ አስምሬያለሁ። ቋሚነቱ ይቀር ይሆናል። ይቅር። አይ፣ ይቅር ማለት ቀላል አይደለም። እገባለሁ ግን።

እትዬ ዘሀራ አሁን በአጠገቤ አለፉ። ምን ገትሮሻል፣ ብርድ ነው፣ ግቢ አሉኝ። ስለ ደብዳቤው አያውቁም።

የምለውን አዘጋጅቻለሁ። አንደኛ፦ እትዬ ዘሀራ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር። ሁለተኛ፦ ስልኩን ያበላሸሁት

መጡ።